የመምህር ዘገየ ፍሎራይድ

ግማሽ ገጽ አንብቦ ሙሉ አገር የሚያስተምር ሰው በየከተማው አይጠፋም። የአምቦው መምህር ዘገየ ናቸው። ያችን ግማሽ ገጽ ያገኟት መናኸሪያው አጠገብ፣ ሲንቄ በከፈተችው ሻይ ቤት ውስጥ፣ የኅብረት ሱቅ ስኳር በተጠቀለለባት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። «ሻይ ቅጠል ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለ፤ ጥርስን ከመበስበስ ይከላከላል» ትላለች። ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጂኦግራፊ መምህሩ ልብ ከወንዝና ከተራራ ወደ መንጋጋ ዞረ። ክቡር የጥርስ ጠበቃው ድንች ሊሸጡ ከጎጆ ከተማ የወረዱትን ኦቦ ነጋሳን አፍ አስከፍተው መረመሩ። ለጉደሩ ሹፌር ለሙለታ፣ ሳይጠይቅ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዙለት። «ይህ የእኔ ቃል አይደለም፤ የሳይንስ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው። እሳቸውም በቀን ስድስት ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ በየብርጭቆው አራት ማንኪያ ስኳር።

«መምህር፣ ስኳሩስ ጥርስ አይጎዳም?» አለቻቸው ሲንቄ አንድ ቀን።

«ፍሎራይድ እያለ?» አሉ እያዘኑላት።

በጥቅምት መንጋጋቸው አበጠ። ጥርሱን የነቀለላቸው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተሬፋ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለሲንቄ ነገራት። «ሻዩ እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ያን ሁሉ ስኳር የሚችል ፍሎራይድ ግን የለም። ስኳሩን ካልተዉ የቀሩትም ይከተላሉ ብያቸዋለሁ።»

መምህሩ አራት ቀን ቀሩ። የሲንቄ ገበያ አልቀነሰም፤ ቤቱ ግን ጎደለ። ሰው ሻዩን ጠጥቶ ዝም ብሎ ይወጣል። በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና ማለቷ ለራሷም ገረማት። እፍረት እንዳያስቀራቸው ፈራች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉንጫቸውን በፎጣ ጠቅልለው ብቅ አሉ። ሙለታ ሲጠብቅ ነበር።

«ቲቸር፣ ፍሎራይዱ በየት በኩል ሸሸ?»

ቤቱ ሳቀ። መምህሩ አንድ እግራቸው ደፉ ላይ እንዳለ፣ ሊመለሱ ዞር አሉ።

ሲንቄ እስከ አፉ የሞላውን የስኳር ቆርቆሮ በእግሯ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ገፋችው። «አንተ ሙለታ፣ ሳቅህን ተውና ጠጣ። ዛሬ ስኳር የለም፤ ኅብረት ሱቁ አልሰጠንም። መምህር፣ ይግቡ እንጂ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል።»

ገቡ። ቤቱ በሙሉ መራራ ሻይ ይዞ አንድ ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ የማንን ጉንጭ ማን ያያል። ኦቦ ነጋሳ ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃኑ አንስተው፣ «ይቺስ መድኃኒት ናት» አሉ።

መምህር ዘገየ እስከ አተላው ጨረሱና ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ተነሣ።

«ሲጀመርም ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው» አሉ ባበጠ አፋቸው። «ይህ የእኔ ቃል አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ መምህር» አለች ሲንቄ። ቆርቆሮውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።