የመምህሩ ደመና

ደመናውን እንደ ጥገት ላም የሚጠብቅ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ። መምህር ታደለ ይባላል። በከዋክብት መካከል የተበተነ የጋዝ ደመና ሲቀዘቅዝ እንዴት እየተሰባሰበ እንደሚጓጉል በኮምፒውተር አስመስሎ ይሠራል። መብራት ከጠፋ የሳምንታት ልፋቱ ገደል ይገባል። ስለዚህ እኛ ተከራዮቹ ካውያ የምንሰካው እንደ ሌባ እየፈራን ነው።

ባለፈው እሑድ ሠርግ ልሄድ ሱሪዬን ስተኩስ የግቢው መብራት ድርግም አለ።

«ወይኔ! ሄደብኝ!» ብሎ መምህሩ ጮኸ።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ከተጮኸ ምን ይባላል? ሰው ሞተ ነዋ! ሱሪዬን አጥልቄ ወጣሁ። ጎረቤቱ ከየአቅጣጫው ደረሰ። ከኦቾሎ መንደር የመጡት ጎረቤታችን እማማ አመለወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

«ማን ነው የሞተብህ ልጄ?»

«ደመናዬ!»

«ዕድሜው ስንት ነበር?»

«ሚሊዮን ዓመት አልፎት ነበር እማማ።»

«ተመስገን በል፤ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው።»

መምህሩ ግን እንባውን ጠርጎ፣ «ካውያ የሰካው ማን ነው?» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ሱሪዬ ወረደ፤ የተተኮሰው አንድ እግሩ ብቻ ነበር። በየጥጉ ተበትኖ የቆመው ሰው ቀስ እያለ ይሰባሰብ ጀመር። መጓጎል ማለት ይሄ ነው ለካ! መሃሉ ላይ ደግሞ እኔ።