የሁዳዴ ሶልደር

ሰው በማያውቀው ነገር ምሳሌ ይሰጣል? እኔ ሰጥቻለሁ። ያውም ጴንጤ ሆኜ፣ ስለ ሁዳዴ፣ ለጋሼ ሙላት።

ጋሼ ሙላትን አታውቋቸውም፤ ላስተዋውቃችሁ። ድሮ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ናይሮቢ ከመጡ ወዲህ ኢስትሊ ውስጥ፣ ከልብስ ሱቆቹ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሬዲዮና ሞባይል እንሠራ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ፉንዲ» ይላቸዋል፤ ባለሙያ ማለት ነው። እኔን ግን ማንም ፉንዲ ብሎኝ አያውቅም። «የፉንዲው ልጅ» ነበርኩ፤ ልጃቸው ሳልሆን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ።

የጋሼ ሙላት ኩራት ብየዳቸው ነው። ሶልደሩ፣ ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት ማለት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ካላብረቀረቀ ነቅለው እንደገና ነው። ፊትህን ካላየህበት አልተበየደም ይላሉ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ደህና ሥራ መጣልን። ለሶላር መብራት የሚሆኑ ሦስት መቶ ቦርዶች፣ ወደ አውሮፓ የሚላኩ። አውሮፓ ደግሞ ሶልደር ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። የምንጽፍበትን አይደለም የምላችሁ፤ ብረቱን፣ መርዛሙን። ኡርሱላ የምትባል ተቆጣጣሪ አዲሱን የሶልደር ሽቦ ይዛ መጣች። ሽቦው ግትር ነው፤ ቶሎ አይቀልጥም፣ ሲቀዘቅዝም ደብዛዛ ነው። ጋሼ ሙላት በመነጽራቸው ቢያዩት፣ ቢያዩት፣ ሰርቶ ያልበላ ሰው ፊት መሰላቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ሥራ አይቀርብም ብለው እርሳስ ካለበት ከድሮው ሽቦ ጠብ አደረጉበት። አብረቀረቀ። ኡርሱላ ክው አለች።

እርሳስ የነካ መበየጃ፣ የሚጠረግበት ስፖንጅ ሳይቀር፣ አዲሱን ሥራ እንዳይነካ አለችን። ለፍተሻ ስትመለስ እርሳስ የተገኘበትን ቦርድ የሠራ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፤ ድርድር የለም። ይህን ስትል የምታየው ጋሼ ሙላትን ነበር። እኔም የማየው እሳቸውን ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወንበር ቢነሱ የት ሊቀመጡ?

ሦስት ቀን ሙሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው እቴ! አንዲት ጠብታ ምን ታመጣለች ነው መልሳቸው። በመጨረሻ ቢጨንቀኝ፣

«ጋሼ፣ ሥጋ የቆረጠ ቢላዋ የጾም ጎመን ይቆርጣል?» አልኳቸው።

ከዚያ ብድግ ብለው የድሮውን መበየጃ፣ ሽቦውንና ስፖንጁን ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። በላዩ ላይ በትልቁ «ፍስክ» ብለው ጻፉ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ በኋላማ መከራዬን አየሁ። ጊዜውም ሁዳዴ ስለነበር ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ምሳዬን ንያማ ቾማ በልቼ ስመለስ ካልታጠብኩ ቦርድ አያስነኩኝም። ጋሼ፣ ጥብስ እኮ እርሳስ የለውም ብላቸው፣ ማን ያውቃል ይሉኛል። አንድ ቀን ይህ ነገር እስከ መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሥራዬ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ጾም መቼ ይፈታል፣ እንደሱ ነው አልኳቸው። ለቀልድ ነው እኮ። ምነው ያን ዕለት አፌን በያዘኝ ኖሮ።

ፋሲካን ኪሌሌሽዋ ዘመድ ጋ አሳልፌ ማክሰኞ ስመለስ፣ አርባ ቦርዶች ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃሉ። ጋሼ ሙላት ሰኞን ሲሠሩ ውለዋል። «እንኳን አደረሰህ፤ ፈታን» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ለካ ጾም ይፈታል! የማይጾም ሰው ይህ መች ትዝ ይለዋል? ኡርሱላ የምትመጣው ሐሙስ ነው። እውነቱን ስነግራቸው ተቆጡኝ፤ ሐቅ አላቸው። ግን እዩልኝ፣ አርባዎቹን የሠሩት በፍስኩ መበየጃ፣ በፍስኩ ስፖንጅ ነው። ከጾሙ ጋር አንዲት ነገር አላነካኩም። ደግነቱ ትርፍ ባዶ ቦርድ ነበረን፤ ሁለት ቀን ቀና ሳንል አርባውን ተካን።

ሐሙስ ኡርሱላ እርሳስ የምታነፈንፍ፣ ሽጉጥ የምትመስል መሣሪያ ይዛ መጣች። ከቦርዶቹ ጀርባ የየራሳችን ምልክት አለ። «ሙ» የሚለውን ብቻ እየመረጠች መረመረች። ንጹሕ። ሌላ አነሳች። ንጹሕ። እኔ በሆዴ ጌታን አመሰግናለሁ። ልትጨርስ ስትል፣ ለወጉ ያህል አንድ «ተ» አነሳች። መሣሪያዋ ቀይ አበራች።

«ተ» ተስፋዬ ነው። እኔ ነኝ።

እንግዲህ ለእናንተ ልናዘዝ፤ ለማያውቅሽ ታጠኚ እንዳትሉኝ። በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተጣድፌ ነበር። አንዲት ነጥብ አልይዝ አለችኝ። ጋሼ ሙላት ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። ከፍስኩ ሽቦ ትንሽ ጠብ አደረግኩባት። አንዲት ጠብታ ምን ታመጣለች? ያቺ የነካችው መበየጃዬ ታዲያ ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ አጎደፈው።

ኡርሱላ ወንበሬን ብቻ አየችው። ተነሳሁ። የእኔን ድርሻ ጋሼ ሙላት እንደ አዲስ ሊሠሩ፣ እኔ ካርቶን ላሽግ ተስማማን።

ከመሄዷ በፊት፣ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ማን እንዳስተማራቸው ሽማግሌውን ጠይቅልኝ አለችኝ። እንግሊዝኛ ስለማይሆንላቸው አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ በላት» አሉኝ።

አልኳት። ኡርሱላ ግራ ገብቷት እኔንም የያዝኩትንም ካርቶን አየች።

«እሱ ግን አይጾምም በላት።»

ተረጎምኩ።