የቦራ ምራቅ

«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይላሉ አበው። ከእንስሳ ጋር የዋለ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን ለምን እንዳልነገሩን እንጃ! በደርግ ጊዜ እኛ ከናዝሬት ወጣ ለማለት ለቀበሌ የይለፍ ወረቀት ደጅ ስንጠና፣ በሽታ ከውሻ ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ይሻገር ነበር። ይህን ያወቅሁት በጎረቤቴ በጋሽ ቱፋ ፈረስ ነው።

ጋሽ ቱፋ ባለጋሪ ናቸው። ቦራ የሚሉት ፈረሳቸው አንድ ማለዳ ገለባውን ትቶ ለሃጩን ያዝረበርብ ጀመር። ውሃ ቢያቀርቡለትም መዋጥ አቃተው። «እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ነው» አሉና፣ እኔን ልጓሙን አስይዘው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አፉ ውስጥ ከተቱ። እሾህ የለም። ለሃጭ ብቻ።

የከብት ሐኪሙ መጥቶ ቦራን ከሩቅ አየውና «በቅርቡ ውሻ ነክሶት ነበር?» አለ። አዎ፣ ወለንጪቲ መንገድ ላይ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ እግሩን ቦጭቆት ነበር።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አፉ ውስጥ እጁን የከተተ አለ?»

ሁላችንም ጋሽ ቱፋን አየን።

«እኔን የነከሰኝ የለም!» አሉ።

«መንከስ አያስፈልገውም፣ አባቴ። መዳፍዎን ልጓም ልጦታል፤ ምራቁ በዚያ ይገባል። በሽታው አንዴ ከተነሳ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ሄደው መርፌውን ይጀምሩ።»

ጋሽ ቱፋ እምብርት ዙሪያ ስለሚወጋው መርፌ ሰምተዋልና እንቢ አሉ። «ሰው እንዴት በፈረስ ያብዳል? ዘመዴ ነው እንዴ?»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አደግድገው ከቤት ወጡ። «ማሎ፣ እባክህ ቱፋ! እኔ የምፈልገው ባል ነው ወይስ ክርክር? ተነስ!»

ተነሱ። ቀበሌውም በሽታውን ሲሰማ የይለፍ ወረቀቱን ያለ ደጅ ጥናት ሰጠን፤ እኔም ለሃጩ ነክቶኝ ነበርና አብሬ ሄጄ አብሬ ተወጋሁ።

የቦራን መርዶ ከናዝሬት የመጣ ሰው እዚያው ሐኪም ቤት ነገራቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። መርፌ የምትወጋቸው ነርስ መርፌው ያመማቸው መስሏት «አይዞዎት፣ ሊያልቅ ነው» ትላቸዋለች።

ዳኑ። ከርመውም ሌላ ፈረስ ሊገዙ ገበያ ወጡ። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ እንደሚታወቅ ማን ይነግራቸዋል? ሻጩ «አፉን ከፍተው ይዩ እንጂ!» ሲላቸው ግን እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አፈገፈጉ።

«አምኜሃለሁ» አሉት።

ፈረሱ የእሳቸው እኩያ ሳይሆን አይቀርም። ቁልቁለቱን እንኳ እያረፈ ነው የሚወርደው፤ የቸኮለ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይቀድመዋል። «ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ የሚያሾፍ ሲያጋጥማቸው፣ ጋሽ ቱፋ ዘወር ሳይሉ «አፉን ከፍተህ እየው። እኔ አልጠየቅሁትም» ይላሉ።