አያ ሰይድ እስኪመልሱ

ምስጋና እንደ ስፖርት የሚሠራበት ዘመን ላይ ደርሰናል። አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። እኔም ስልኬ ላይ አንድ መተግበሪያ ጭኛለሁ፤ በየጠዋቱ እንደ ጫጩት ይጮህና «ዛሬ ስለ ምን ታመሰግናለህ?» ይለኛል። አስፋልት ልሻገር አንድ እግሬን ስሰድ ይጠይቀኛል። «ስለ መብራት» ብዬ እነካለሁ። በማግስቱ «ስለ ውሃ»። ሁለቱም የጠፉ ዕለት «ስለ ጤና» እላለሁ፤ ጤና ከሁለቱ ይልቅ ሳይቆራረጥ ይመጣል። እናንተም ሳትሞክሩት አትቀሩም። ጥርስ ከመፋቅ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።

ከዚያ ሐይቅ ሄድኩ።

ሐይቅ ስል ከተማዋን ማለቴ ነው፤ ውሃውማ ባለበት አለ። ጀምሬ የተውኳቸው ቁርጥራጭ ጽሑፎች ነበሩኝ። ውሃ አጠገብ ብትቀመጥ ይገጣጠሙልሃል ያለኝ ወዳጅ አለ። አልተገጣጠሙም። ግን ከአያ ሰይድና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሐራ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከረምኩ።

እዚያ አገር ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ልጆች?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከብቶቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ዝናቡስ?»

«ጠፋ እኮ! አልሐምዱሊላህ።»

ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ከሩቅ ለሚሰማው ዜማው አንድ ነው። ሰው ከቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ሳይደርስ የእኔ ስልክ በወር የሚጠይቀኝን ያህል አመስግኖ ያልፋል። እና አይደክመውም። ዝናቡ ጠፍቶ እንኳ።

የዚህ ሥራ ዋና ባለሙያ አያ ሰይድ ነበሩ አሉ። እህል ነጋዴ ናቸው። ወደ ውጫሌ ገበያ በጠዋት ይወጡና መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሲሉ ገበያው ሲበተን ይደርሳሉ፤ የሚበተነውን ገበያተኛ ደግሞ አንድ በአንድ ሰላም ብለው ይመለሳሉ። ይህን እኔ አልደረስኩበትም። እኔ ስመጣ ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ይዟቸው፣ አንደበታቸው ከተዘጋ ሰንብቷል። ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያያሉ። ይሰማሉ። ቃል ግን የለም።

የደሴው ሐኪም ለእትዬ ዘሐራ «አናግሯቸው፤ መልሱን ግን አትቀሟቸው» ብሏቸዋል። እትዬ ዘሐራ ምክሩን ሕግ አደረጉት። ሕጉንም ለሰፈሩ አወጁ።

እንዲህ ነው። አላፊ አግዳሚው «አያ ሰይድ፣ እንዴት አደሩ?» ይልና ይቆማል። ዝም ብሎ ይቆማል። ዓሣውን ያንጠለጠለው ዓሣውን እንዳንጠለጠለ፣ እንጨት የተሸከመችው እንደተሸከመች። የአያ ሰይድ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የአንገታቸው ጅማት ይገተራል፤ ግንባራቸው ያልበዋል። ድምፅ የለም። በመጨረሻ እትዬ ዘሐራ «በሆዱ ብሏል» ሲሉ ቋሚው «አሚን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በማግስቱ ይኸው ነው።

ሰው የራሱን ምስጋና ሲረሳ ብዙ አይቻለሁ። የሌላውን ሰው ምስጋና ሸክም ተሸክሞ ቆሞ ሲጠብቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

የጥንት ወዳጃቸው አቶ ደምሌ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጠው ይነዘንዟቸዋል። «አንተ ሰይድ፣ ዕድሜ ልካችንን ዝም በል ስንልህ አልሰማኸንም። አሁን ማን ምን ብሎህ ነው የሰማኸው?» አያ ሰይድ በደህናው ጎን ፈገግ ይላሉ።

አንድ ቀን እትዬ ዘሐራ ምስር እየለቀሙ እንዲህ አሉኝ፦ «መዳኑን አላህ ያውቃል። እኔ የምፈራው፣ ሰው መቆም እንዳይሰለቸው ነው። የሚጠብቀው ካጣ ለማን ብሎ ይመልሳል?»

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም። የእኔ «እንዴት አደሩ» በር ላይ ሳለ እግሬ አስፋልት ይደርሳል። የከተማ ሰው ነኝ፤ ጥያቄውን እንጂ መልሱን አልጠብቅም።

አንድ ጠዋት ታዲያ እንደ ልማዴ ስወጣ ጫጩቷ ጮኸች። «ዛሬ ስለ ምን ታመሰግናለህ?» ስልኬን እየነካሁ፣ «እንዴት አደሩ አያ ሰይድ» እያልኩ አለፍኩ።

«ቆይ!»

ከኋላዬ ነው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚወጣ ዓይነት ድምፅ። ቆምኩ። ዓሣ ሻጩ ቆመ። አስፋልቱ ላይ የነበረው ባጃጅ እንኳ ፍሬን ያዘ። ዞር ስል የእትዬ ዘሐራ ምስር ግቢው ላይ ተበትኗል፤ አያ ሰይድ ደህናውን እጃቸውን ወደ እኔ ቀስረዋል። ተቆጥተዋል። እንደዚያ ያማረ ቁጣ በዕድሜዬ አላየሁም።

«ተናገረ! ያ ረቢ፣ ተናገረ!» አሉ እትዬ ዘሐራ።

እልልታው ከግቢ ግቢ ሄደ። አቶ ደምሌ ብቻ ተቀየሙ፦ «ለምንጠብቅህ ዝም ትላለህ፣ ለሚሮጠው ትናገራለህ?» ባለ ባጃጁ ወርዶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ችኮላህን አላህ ይባርክልህ!» ለችኮላዬ ስመረቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለቻቸው ቃል ያቺው ሆነች። ሻይ ሲቀርብ «ቆይ»። ደሴ ሐኪም ዘንድ ሲወስዷቸው «ቆይ»። አቶ ደምሌ «አንዲት ቃል አገኘህና ሰው ማገጃ አደረግካት? ምስጋናውስ?» ይሏቸዋል። «ቆይ።»

የምመለስበት ቀን ደረሰ። ሻንጣዬ ሚኒባሱ ላይ ተጭኗል፤ የጎደለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ልሰናበት በሩ ላይ መጣሁ።

«አያ ሰይድ፣ እንዴት አደሩ?»

ቆምኩ።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጅማቱ ተገተረ። የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ። እትዬ ዘሐራ እንዳያግዟቸው ይመስላል፣ የራሳቸውን አፍ በሻሻቸው ያዙ። «አል…» ጥሩምባው ተደገመ። «አል… ሐም…» ሹፌሩ ሊጎትተኝ ወርዶ መጣ፤ ሲያይ፣ አጠገቤ ቆመ። ቃሉ ከሩቅ አገር፣ በእግሩ፣ አቀበት ወጥቶ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«…ዱሊላህ።»

ያንን ቃል በዚያች ከተማ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ግን ያኔ ነው። እትዬ ዘሐራ እልል አላሉም፤ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። የተጠየቀ መልሶ እንደሚጠይቅ ረስቼዋለሁ። አያ ሰይድ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፦

«አንተስ?»

መብራት። ውሃ። ጤና። ስልኬ ላይ የነካኋቸው ሁሉ ነበሩ፤ አንዳቸውም ወደ አፌ አልመጡም። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

ሹፌሩ እጄን ሳብ አደረገ። «በሆዱ ብሏል አያ ሰይድ፤ እንሂድበት» አለ።

አያ ሰይድ ደህናውን እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉት።