ወይ ሰነድ፣ ወይ ዝምታ

ቀብር ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ከኋላ ብድግ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ሟች የተወለዱት በሠላሳ አራት አይደለም፣ በሠላሳ ሦስት ነው» የሚል ሰው የሌለበት አገር እስካሁን አልተፈጠረም። ይህ ሰው ክፋት የለበትም ይባላል። ደግነትም የለበትም። ያለበት መዝገብ ብቻ ነው። ሠርግ ቢጠሩት ሙሽሮቹ በስንት ቤት እንደሚዛመዱ ቆጥሮ የጎረሱትን ያስተፋል፤ አራስ ሊጠይቅ ቢገባ የሕፃኑን አፍንጫ ትክ ብሎ አይቶ፣ «ይኼ እንኳ ከአባቱ ወገን አይደለም» ብሎ ይወጣል።

በኬንታኪዋ ኮልበርን አውራጃ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሚስተር ቴልፎርድ ግሪሻም ናቸው፤ የኮልበርን አውራጃ የዘር ሐረግ ማኅበር የዕድሜ ልክ መዝገብ ጠባቂ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውራጃው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሥጋ ቤቱን ሚዛንና የማደያውን ነዳጅ መቅጃ ሲፈትሹ ኖረው፣ ሕያዋንን መፈተሽ ሲከለከሉ ወደ ሙታን ዞሩ። ረጅም ናቸው፣ ደረቅ ናቸው፣ በኬንታኪ የሐምሌ ሐሩር እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሯቸው ይቆልፋሉ። ከደረት ኪሳቸው አጉሊ መነጽር አይጠፋም። አንደበታቸው ላይ ደግሞ አንዲት ቃል አለች፤ «ወይ ሰነድ፣ ወይ ዝምታ!»

ማኅበሩ በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ይሰበሰባል። ሃያ ሦስት አባላት ነበሩት። ሥራው የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የድሮ ጋዜጦችን የሞት ማስታወቂያ በፊደል ተራ ማስያዝና የአሳማ ሥጋ የተሸጎጠበት ብስኩት እየገመጡ የማን አያት ቀድሞ እንደገባ መከራከር ነው። ሕያው ወንድማቸውን ዓመት ሙሉ በስልክ እንኳ የማይጠይቁ ሰዎች፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የሞተ አጎት ሲያገኙ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። ከተራ አባልነት በላይ አንድ ከፍታ አለ፤ «የቀደምት ሰፋሪዎች ክበብ»። ቅድመ አያቱ ከ1825 በፊት በአውራጃው እንደነበር ያስመሰከረ ሰው ጠርዙ ወርቅማ የሆነ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ የቅድመ አያቱም ስም በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። አውራጃው ሁለት መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለነበር ሰሌዳው እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመቶ ዓመት ማንም አይነካውም።

ወይዘሮ ኢዞላ ተርማን ስሟ ሳይሆን የአያቷ ቃል እንዲቀረጽላት ፈለገች። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት በማዋለጃ ክፍል ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ከማኅበሩ አባላት ልጆች እኩሌታውን ራቁታቸውን በእጇ ተቀብላለች። በማኅበሩ ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች። አያቷ በረንዳ ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ፣ «እኛ የመጣነው ሆልኮምቦች በመጡበት ቀን ነው። በዚያው ጋሪ። እነሱ ላዩ ላይ፣ እኛ ከኋላው በእግር» ይሉ ነበር። ሆልኮምብ ማለት ደግሞ በኮልበርን የድልድዩም፣ የባንኩም፣ የጎዳናውም ስም ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ቬዳ ሆልኮምብም የዚያው ቤት ናቸው።

ኢዞላ ማመልከቻዋን ስታስገባ ክቡር ሚስተር ግሪሻም አራት ጊዜ መለሱባት። መጀመሪያ «በእርሳስ ነው የተሞላው» አሉ። ሁለተኛው ላይ የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ መጣች፤ ልደት ሁሉ ከፊቱ ገጽ ላይ ተጽፎበታል። በመነጽራቸው ካገላበጡት በኋላ፣ «መጽሐፉ የታተመው በ1891 ነው። እዚህ የተጻፈው ልጅ የተወለደው በ1868። መጽሐፉ የልጁ ታናሽ ነው፣ ወይዘሮ ተርማን» ብለው አቀበሏት። ሦስተኛውን በአንዲት ፊደል ግድፈት ጣሉት። በአራተኛው የአያቷን ድምፅ በካሴት አመጣች።

«አያትዎ በቦታው ነበሩ?» አሉ ሚስተር ግሪሻም።

«አልነበሩም፤ የነበረችው የእሳቸው ቅድመ አያት ናት። ኬዚያ ትባላለች።»

«እንግዲያው ምስክሯ እሷ ናት። ትቅረብ።»

«ሞታለች እኮ!»

«መቼ? ሰነድ አለዎት?»

ወንድሟ ኤርስኪን ይህን በስልክ ሲሰማ ሳቁ አላስጨርስ አለው። «እቴ፣ አሁንም ያ ደረቅ ሽማግሌ ያመላልስሻል? እነዚያ ሰዎች ያስገቡሽ ሰሌዳ ላይ ሊጽፉሽ መሰለሽ? ብስኩት ልትጋግሪላቸው ነው!»

«ብስኩቱንም መልሶታል» አለች ኢዞላ። «ጨው በዝቶበታል ብሎ።»

ከ1870 በፊት በነበረው የሕዝብ ቆጠራ የኢዞላ ወገኖች ስም አልነበራቸውም። በባለቤታቸው ስም ሥር «ሴት፣ ጥቁር፣ አርባ» ተብሎ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ይህን ገጽ ሚስተር ግሪሻም ፊት ጣለችው። «የኔ ሰዎች ስማቸው በቸልታ አልጠፋም። ሆን ተብሎ ነው ያልተጻፈው!»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይነቃነቅ። «ቅጹ ግን ለዚያ ቦታ የለውም።»

ኢዞላ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ፣ «የፈለጉት የራስዎን ሰዎች መዝገብ ነው። የሌለ ነገር ነው የፈለጉት። ሰው የራሱን ንብረት የሚጽፈው የት ነው?» አሉ። ይኸው ነው። አይዞሽ የለም፣ እግዜር ይርዳሽ የለም።

የበረዶውን ወራት ሙሉ በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ተቀመጠች። ሆልኮምቦች ሲሞቱ ምን እንዳወረሱ፣ ሲጣሉ ምን እንደተካፈሉ አንድ በአንድ አነበበች። በየካቲት አንድ ቀን በመጀመሪያው የኑዛዜ ጥራዝ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ፣ አብሳሎም ሆልኮምብ የተባለ ሰው በ1821 ለሴት ልጁ የተናዘዘውን አገኘች፤ «የላባ ፍራሼን፣ ቡላዋን ባዝራና ኬዚያ የምትባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰጥቻታለሁ።»

ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከፍራሹ በኋላ፣ ከባዝራዋ በኋላ። ባዝራዋ እንኳ መልኳ ተጽፎላታል። ኢዞላ ካፖርቷን ሳትለብስ ወደ ውጭ ወጣች፤ በረዶው ላይ ቆማ የሆልኮምብ ድልድይን ስታይ ቆየች፤ ተመልሳም ገጹን በንጹሕ ወረቀት፣ በቀለም ገለበጠችው። ከኬዚያ እስከ እሷ ያለውን ሐረግ በጋብቻና በሞት ወረቀት ለመግጠም ሌላ አንድ ወር ፈጀባት።

ሚስተር ግሪሻም አርባ ደቂቃ በመነጽር አነበቡት። እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ሲጨርሱ፣ «ገጽ ሦስት ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» አሉና ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

ወሬው ግን ከመሳቢያው ቀድሞ ወጣ። በሳምንቱ ወይዘሮ ቬዳ የፔካን ፓይ የሚባለውን ጣፋጭ የለውዝ ኬክ ይዘው የኢዞላን ደጅ አንኳኩ።

«የኔ ማር፣ ስለዚያች ልጅ ሰማሁ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። እንዲያው ለእናንተ ሰዎች ለብቻው ሰሌዳ ብናሠራስ? በፍርድ ቤቱ ጀርባ በር በኩል፣ ማግኖሊያው ዛፍ ሥር። ጥላ አለው። ያምራል!»

«የጀርባ በሩን እናውቀዋለን፣ ወይዘሮ ቬዳ» አለች ኢዞላ። «ፓይውን እዚያው ያስቀምጡት።»

በሚያዝያው ስብሰባ ሃያ ሦስቱም ተገኙ፤ ለወትሮው አሥር ቢመጡ ነው። የገጹ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ እጁን ሳይጠርግ ይዞት የቅቤ ጣት አሻራ አረፈበት፤ ኢዞላ ያንን የቅቤ ምልክት እያየች ተቀመጠች። ወይዘሮ ቬዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ግን ክበቡ የሰፋሪዎች ነው። ሰፋሪ ማለት ወድዶ፣ አስቦ፣ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣ ሰው ነው። ያቺ ምስኪን ልጅ... እንዴት ልበለው... መጣች አይባልም። አመጧት ነው የሚባለው።»

«እኔም ይህንኑ ነው የምለው» አለች ኢዞላ። «ማን እንዳመጣት ግን አልተናገሩም።»

ያኔ ክቡር ሚስተር ግሪሻም ተነሡ። ኢዞላ ዓይኗን ጨፈነች፤ አምስተኛውን «ተመልሷል» ልትሰማ ነው።

«የመተዳደሪያ ደንብ፣ አንቀጽ አራት» አሉ። «‹ከ1825 በፊት በአውራጃው መኖሩ በሰነድ የተረጋገጠ ማንኛውም ሰው።› ወድዶ አይልም። አስቦ አይልም። ስለ ጓዝም አላነሳም።»

«ቴልፎርድ፣ የደንቡን መንፈስ ይረዱት እንጂ!»

«መንፈስ አልመዘግብም።» ከወንበራቸው ሥር ሁለት ማኅደር አወጡ። «ይህ በ1974 የገባ የወይዘሮ ሆልኮምብ ማመልከቻ ነው። አብሳሎም ሆልኮምብ ከ1825 በፊት እዚህ ለመኖሩ ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ነው። የኑዛዜ መዝገብ፣ ጥራዝ አንድ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት።» ሁለተኛውን ገለጡ። «ይህ የወይዘሮ ተርማን ነው። ጥራዝ አንድ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ገጹ ሐሰት ከሆነ ሁለቱም አልነበሩም። እውነት ከሆነ ሁለቱም ነበሩ። መሐሉን ቀድጄ ግማሹን ብቻ መቀበል አልችልም።»

የወይዘሮ ቬዳ አንገት ቀላ። «ድምፅ ይሰጥበት!»

«መስጠት ትችላላችሁ። እኔ ግን ያለፈው ማክሰኞ መዝግቤዋለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ኢዞላ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰችባቸው። «ሚስተር ግሪሻም፣ ለምን ቆሙልኝ?»

«ለእርስዎ አልቆምኩም። የቆምኩት ለገጹ ነው።»

በቦርሳዋ ልትመታቸው ምንም አልቀራት። የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጠብ ሆነ፤ ሚስተር ግሪሻም በእጃቸው በሚያምር ጽሕፈት «ኬዚያ» ብለው የአባት ስም ቦታውን ባዶ ትተውታል። ኢዞላ «ተርማን ይበሉ» አለች። «ተርማን የሚለው በ1870 ነው የተገኘው» አሉ። «ባዶ አይሆንም!» አለች። «ሆልኮምብ ልበል?» አሉ። ኢዞላ ወረቀቱን እንዳለ ተቀበለች። ባዶው በአገኘችው ነገር ሁሉ ላይ እንደ ጎደለ ጥርስ ሆኖ ቀረ።

በግንቦት ወይዘሮ ቬዳ አሥራ ስድስት አባላት ይዘው ወጡና «የኮልበርን ቅርስ ወዳጆች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። አስተዳደሩም የሰሌዳውን ሥራ ለእነሱ ሰጠ፤ ፀብ የሌለበት ማኅበር ይሻላል ተብሎ። በበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞች እየነፉ ጨርቁ ሲገለጥ፣ ከላይ በትልቁ «አብሳሎም ሆልኮምብ፣ ከነቤተሰቡ» ይላል። የኬዚያ ስም የትም የለም። ኤርስኪን ከሉዊቪል ድረስ መጥቶ ከእህቱ ጎን ቆሟል። «ከነቤተሰቡ» ብሎ አነበበ። «እንግዲህ ኬዚያ እዚያች ቃል ውስጥ ናት። ባዝራዋም ሳትኖርበት አትቀርም።» እሱም እሷም አልሳቁም።

ሚስተር ግሪሻም ሰው እየገፉ መጡ። ኢዞላ አንዲት የማጽናኛ ቃል ብትጠብቅ አይፈረድባትም።

«የሆልኮምብ መቃብር አጥሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው የተገለበጠው» አሉ። «ከአጥሩ ውጭ ያለው አልተነካም። ሥራ ከሌለዎት አሁን እንሂድ።»

«አሁን? በበዓሉ?»

«እዚህ ያለውን አንብበነዋል።»

ከአጥሩ ውጭ፣ የሆልኮምቦች ባሮች የተቀበሩበት፣ እሾኽና ሐረግ የዋጠው ቁልቁለት ነበር። ያልተጠረቡ ድንጋዮች፣ ጽሑፍ የሌላቸው፣ አንዳንዱ የተጋደመ፣ ሠላሳ አንድ ሆነው ተገኙ። የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌ በየድንጋዩ ፊት ይንበረከካሉ። ቁመቱን ይለካሉ፣ ወርዱን ይለካሉ፣ ወዴት እንደዞረ በኮምፓስ ያያሉ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ቅጽ ያወጡና «ስም፦ አልታወቀም። ልደት፦ አልታወቀም። ሞት፦ አልታወቀም» ብለው በቀለም ይጽፋሉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጉልበታቸው ደምቶ ሱሪያቸው ላይ ወጣ። ኢዞላ ነርስነቷ አላስችል አላት።

«ሚስተር ግሪሻም፣ ይብቃዎት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ‹ከላይ እንዳለው› ብለው ይሙሉትና እንሂድ።»

ቀና አሉ። ባወቀቻቸው ስድስት ዓመት ውስጥ ሲቆጡ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንዴት ተደርጎ? ከላይ ያለው ሌላ ሰው ነው!»

ኮረብታው ላይ ከከተማው የሚመጣው ሙዚቃ ይሰማል። ኢዞላ ሜትሩን ከእጃቸው ወሰደች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና አሥራ ሦስተኛው ድንጋይ ፊት ተንበረከከች። ከሥሩ ያለውን ሐረግ በጣቷ ገለጠች።

«ቁመቱ ዘጠኝ ኢንች» አለች።

«ዘጠኝ ከሩብ» አሉ እሳቸው፣ ጎንበስ ብለው አይተው።