ድምፅ ስጡ፣ ድምፅ አታሰሙ

[የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። የመራጮች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። የሥነ ዜጋ መምህሩ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ከፊቱ ስልሳ ባዶ ወንበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንገቱን አቅንቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሁለት ማስታወቂያዎች ያነባል። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ናቸው።]

ዘበኛ፦ እኔ ምልህ፣ አንዱን አንሣው።

መምህር፦ አላነሣም አልኩህ እኮ!

ዘበኛ፦ የላይኛው «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ይላል። የታችኛው «ድምፃችሁን ስጡ» ይላል። ልጁ የትኛውን ይስማ?

መምህር፦ አንተ ሰው! የላይኛው ድምፅ ጩኸት ነው። የታችኛው ድምፅ ምርጫ ነው።

ዘበኛ፦ ምርጫማ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው።

መምህር፦ እሱ የፈተና ነው!

ዘበኛ፦ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነዋ። ይኼኛውም «መልሱ አልተሰጠም» የሚል አለው?

መምህር፦ ለአንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ሂድ በርህን ጠብቅ! ለማን ትተኸው ነው የመጣኸው?

ዘበኛ፦ ለአትክልተኛው። አንድ ነገር ልነግርህ...

መምህር፦ ቆይ! እኔ እዚህ ጭንቅ ላይ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ስልሳ ተማሪዎች ዛሬ ይመዘገባሉ ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ቃል ገብቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የመጣችው አንዲት ልጅ ናት!

ዘበኛ፦ እሷስ ተመዘገበች?

መምህር፦ ትዕግሥት የላትም። የምርጫን ታሪክ ሳስረዳት «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ትለኛለች። ገና እኮ ጥንታዊት ግሪክ ላይ ነበርን!

ዘበኛ፦ ሩቅ ነው።

መምህር፦ ምኑ?

ዘበኛ፦ ግሪክ። ልጅቷ ፈተና ነበረባት።

መምህር፦ የዛሬ ልጆች! ሌሎቹስ የት ገቡ?

ዘበኛ፦ ወጡ።

መምህር፦ በየት?

ዘበኛ፦ በበሩ።

መምህር፦ በመስኮት እንዳልወጡማ አውቃለሁ! ማን አስወጣቸው?

ዘበኛ፦ እኔ። ምሳ ሰዓት ላይ።

መምህር፦ [ብድግ ብሎ] ስንት ናቸው?

ዘበኛ፦ ሃምሳ ሦስት።

መምህር፦ ሃምሳ... ጉድ አፈላህ! ምን ብለው ወጡ?

ዘበኛ፦ ካርድ ልናወጣ ነው ብለው።

መምህር፦ ካርድ?! ሃምሳ ሦስት ልጅ ባንድ ቀን ታሞ ክሊኒክ ሲሄድ ዝም አልክ?

ዘበኛ፦ ኧረ ደህና ናቸው። አንዷ ብቻ ትንሽ ፈርታ ነበር።

መምህር፦ መርፌውን ነዋ!

ዘበኛ፦ ቀለሙን። ጣቴን ስቀባ ነጭ ሸሚዜን ያበላሽብኛል ብላ።

መምህር፦ የሚቀባ መድኃኒት? ቁስል ነው በለኛ! ተላላፊ ነው?

ዘበኛ፦ ተላላፊስ ተላላፊ ነው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ተከተለው። ስምንት ሰዓት ላይ ሰልፉ ግንቡን ዞሮ ነበር።

መምህር፦ [ስልኩን እየነካካ] ወረርሽኝ! ለርዕሰ መምህሩ ልደውል!

ዘበኛ፦ ደውል። ደብዳቤውን የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

መምህር፦ የምን ደብዳቤ?

ዘበኛ፦ የዕድሜ ማረጋገጫ። መታወቂያ ለሌላቸው ጸሐፊዋ ከመዝገብ እያየች ጻፈች፤ እሳቸው ፈረሙ፤ እኔ ደግሞ ልጆቹን መንገድ እያሻገርኩ ምዝገባ ጣቢያ...

መምህር፦ [ስልኩን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል] ምዝገባ ጣቢያ?

ዘበኛ፦ ከፖስታ ቤቱ ጎን። የመራጭነት ካርድ ነዋ ያወጡት። ፈተና የነበረባቸው ሰባቱ ብቻ ዘግይተው ሄደው ሰልፍ ላይ ናቸው፤ እነሱም ይደርሳሉ።

መምህር፦ እኔ ጋ አይመዘገቡም? ጠረጴዛው? ጨርቁ?

ዘበኛ፦ መዝገቡ ከጣቢያ አይወጣም ብለውኛል። ትናንት ሄጄ ጠየቅኩ።

መምህር፦ ታዲያ አትነግረኝም?!

ዘበኛ፦ ሦስቴ መጣሁ። ንግግርህን ትለማመድ ነበር። እጄን አወጣሁ። «ጥያቄ በመጨረሻ» አልከኝ። መጨረሻው አልመጣም።

[መምህሩ ባዶ ወንበሮቹን ይመለከታል።]

መምህር፦ ለመሆኑ አንተን ምን አገባህ?

ዘበኛ፦ [ኮፍያውን አውልቆ] አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ያባቴን ጫማ አድርጌ ልመዘገብ ሄድኩ። ዕድሜህን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ አሉኝ። ከየት እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሌላው ሲገባ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ያው፣ በር ላይ መቆም እንዲያ ጀመረኝ። ልጄ ግን ዛሬ ከሰልፉ አንደኛ ነበረች።

መምህር፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ደግ አደረግክ። እንግዲህ... ዘሩን የዘራሁት እኔ ነኝ። እኔ ባላስተምራቸው ኖሮ ማን ይሄድ ነበር?

ዘበኛ፦ እነሱም እንደዚያ ነው ያሉት። አሥር የሚሆኑት ከውጭ ቆመዋል። ካርዳችንን ከመምህራችን ካርድ ጋር አንድ ላይ ይዘን ፎቶ እንነሣ ብለው ነው።

መምህር፦ ከ... ከየትኛው ካርዴ?

ዘበኛ፦ ከመራጭነቱ ነዋ።

መምህር፦ [ኪሶቹን እየዳበሰ] ይኼ የባንክ ነው። ይኼ የቤተ መጻሕፍት። ይኼ... ሚስቴ አምጣ ያለችኝ የሳሙና ዝርዝር ነው።

ዘበኛ፦ ቤት ረስተኸው ይሆናል።

መምህር፦ ቤትም የለም።

ዘበኛ፦ [ጮክ ብሎ] አልተመዘገብክም?!

መምህር፦ ቀስ በላ! ልጆቹ ይሰሙሃል!

ዘበኛ፦ ያለፈው ምርጫስ?

መምህር፦ ያን ጊዜ «የዜጎች ተሳትፎ ለምን ቀነሰ» የሚል ጥናት እጽፍ ነበር። ጊዜ አጣሁ።

ዘበኛ፦ ምክንያቱን ግን አገኘኸው?

መምህር፦ አታላግጥብኝ! ስንት ሰዓት ነው?

ዘበኛ፦ አሥር ተኩል። አሥራ አንድ ሲሆን ይዘጋሉ። መታወቂያህን ይዘህ ተነሣ።

መምህር፦ [መታወቂያውን አገላብጦ ያያል፤ ይቀመጣል] ጊዜው አልፎበታል። ላድሰው ላድሰው ስል...

ዘበኛ፦ ግድ የለም፣ የተመዘገበ ምስክር ካለህ ይቀበሉሃል። እኔ ትናንት ልጠይቅ ስሄድ ተመዝግቤያለሁ፤ እመሰክርልሃለሁ።

መምህር፦ [ክንዱን ጨብጦ] ወንድምዬ! ምን ብለህ ትመሰክርልኛለህ?

ዘበኛ፦ [ኮፍያውን እያጠለቀ] ዕድሜው ለመምረጥ ደርሷል እላለሁ። ስለ ብስለትህ ከጠየቁኝ ግን ያስምሉኛል፤ አልዋሽልህም።