ጫፍ ላይ እሺ የሚሉ አለቃ

አለቃ ከሁለት ዓይነት አይዘልም፦ ወንበሩን የሚወድና ከወንበሩ የሚሸሽ። ወንበሩን የሚወደው ጣጣ የለውም፤ ቢያንስ የት እንደተቀመጠ ይታወቃል። መከራው ያለው ከሁለተኛው ዘንድ ነው፤ በተለይ ማምለጫው ብስክሌት የሆነ እንደሆነ። እንዲህ ያለ አለቃ ገጥሞት የማያውቅ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ፤ ዕድለኛ ነውና።

የሻንጣ ፋብሪካው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኞቹ ከጀርባቸው «ክቡር ፔዳል» የሚሏቸው ሰውዬ፣ በየወሩ አንድ ማለዳ ከረባታቸውን ፈትተው የቢሮው በር እጀታ ላይ ያንጠለጥላሉ። ከረባት በር ላይ ከታየ አለቀ፤ ክቡርነታቸው ሁለት ሦስት ከተማ አቋርጠው ካልተመለሱ ወንበር አይነካቸውም። «ሰው ወንበር ላይ አያስብም፣ ያንቀላፋል እንጂ» ይላሉ። አንዴ በቀጥታ ከመንገድ የባንክ ሰዎች ዘንድ ገብተው፣ ከላይ ኮት ከታች ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ለብሰው ስለ ፋብሪካው የወደፊት ዕቅድ ሲያስረዱ አረፈዱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ስብሰባ ላይ የቀኝ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ እንደከተቱ ንግግር አደረጉ። ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም፤ ጭብጨባው ግን ሞቅ ያለ ነበር።

ይህን ሁሉ የምትሸከመው ምክትል ሥራ አስኪያጇ ናት። ክቡርነታቸው «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን የት እንደወደቅኩ የሚያውቅ ሰው ይኑር» ብለው ያሉበት ቦታ በእሷ ስልክ እንዲታይ አድርገዋል። ካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትሄዳለች፤ ነጥቧ እሳቸው ናቸው። ምክትሏ ይህችን ነጥብ ስትከታተል ኖራ አንድ ትልቅ ሕግ አገኘች። ክቡር ፔዳል ሜዳ ላይ ከሆኑ ይከራከራሉ፤ ነገሩን ይመልሱታል፣ ያመላልሱታል። ዳገት ሥር መልሳቸው «አይሆንም!» ነው። ዳገት መሀልና ቁልቁለት ላይ ስልክ አያነሱም። ጫፍ ላይ ግን፣ የመጨረሻዋን መታጠፊያ ጨርሰው አንድ እግራቸውን መሬት ሲያስነኩ፣ የአዳም ዘር ሁሉ ዘመዳቸው ይሆናል፦ «እሺ! ይሁን! የፈለጋችሁትን አድርጉ!»

ሕጉ ከምክትሏ አፍ አምልጦ ፋብሪካውን አዳረሰ። ቆራጩ አዲሱን ማሽን ያገኘው ጫፍ ላይ ነው። የሰፊዎቹ የሻይ ሰዓት የረዘመው ጫፍ ላይ ነው። ዘበኛው ለአንዲት ሴት ልጁ ሠርግ ሁለት ጊዜ ፈቃድ የወሰደውም ጫፍ ላይ ነው። ሒሳብ ሹሙ ብቻ ተቻኩሎ ዳገት ሥር ደወለና የዓመት ፈቃዱን ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ልብ ገዝቷል፤ ከረባቱ በር ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር አንገቱን ወደ ምክትሏ ቢሮ አስግጎ «ነጥቧ የት ደረሰች?» ይላል።

በዚህ መሀል ነው ገዢው የመጣው። ፋብሪካውን ገዝቶ የስፌት አዳራሹን አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት የቋመጠ ነጋዴ ነው። የሻንጣ ገበያ ከቀዘቀዘ ወዲህ ክቡርነታቸውን ሲወተውት ሰንብቶ፣ በመጨረሻ «ነገ መንገድ ላይ አስቤበት ቁርጡን እነግርሃለሁ፤ ደውልልኝ» አሉት። እሱም በነጋታው ስልኩን ይዞ መጥቶ የምክትሏ ቢሮ ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«እሺ ሲሉኝ አንቺም እንድትሰሚ ብዬ ነው» አላት።

ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪኖቹ ይንጫጫሉ። የዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ በአንዲት «እሺ» ላይ ተንጠልጥሏል። ምክትሏ ስልኳን አየች፤ ነጥቧ ትልቁን ዳገት አጋምሳለች።

ገዢው ደወለ፤ አልተነሳም።

«ዳገት ላይ ይሆናሉ» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

«እንግዲያው ጫፍ ሲደርሱ እደውላለሁ» አለ ገዢው ዘና ብሎ።

ከዚህ በላይ ምን ጥፋት አለ? «አዳራሹን ላስጎብኝዎት?» አለችው። «ሲፈርስ አየዋለሁ።» «ሻይስ?» «ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

ስልኳን ጠረጴዛ ሥር ደብቃ ነጥቧን በዓይኗ ተከተለች። አንድ መታጠፊያ ቀረ። ከገዢው ቀድማ ደውላ መስመሩን ልትይዝበት ጣቷን አዘጋጀች። ነጥቧ ግን ቀጥ አለች። ጫፍ ላይ አይደለም፤ ከጫፉ በታች፣ ብስክሌተኛ ወዶ የማይቆምበት ቦታ ላይ።

ጠበቀች። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ያ መንገድ የጭነት መኪና የሚመላለስበት፣ ጠርዙ ገደል የሆነ መንገድ ነው። ሒሳብ ሹሙ አንገቱን አስግጎ «ነጥቧ የት...» ብሎ ሳይጨርስ ፊቷን አየና ተመለሰ። ፋብሪካው፣ ገዢው፣ ደመወዟ፣ ሁሉም ከልቧ ወጣ። «ብቻ ደህና ይሁኑ እንጂ ይሽጡት!» አለች በሆዷ። «ይሽጡትና በሰላም ይግቡ!»

የገዢው ስልክ ጮኸ። ክቡር ፔዳል ናቸው። ገዢው ለእሷም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

«አይሸጥም» አሉ። አያለከልኩም፤ ድምፃቸው የረጋ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ዐረፍ ይበሉና ጫፍ ላይ ሆነው ቢያስቡበትስ?»

«ጫፍ ላይማ አላስብም፤ እሺ ነው የምለው። ምክትሌን ጠይቃት፣ አሳምራ ታውቀዋለች።»

የምክትሏ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«ከቤት የወጣሁት ልሸጥልህ ነበር» ቀጠሉ ክቡርነታቸው። «ደክሞኛል፣ ልገላገለውና ዕድሜዬን ሙሉ ልጋልብ ብዬ። እዚህ ስደርስ ግን፣ ፋብሪካውን ከሸጥኩ ከምንድን ነው የማመልጠው? አልኩና ቆምኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በል ስልኩን ለእሷ ስጣት።»

ገዢው ፊቱን አጨፍግጎ ስልኩን አቀበላት።

«ስደውል ለምን አያነሱም? እኔ እኮ ወድቀው...» አለች።

«ባነሳው ታሳምኚኛለሽ። ይቺን ብቻዬን ልወስናት ብዬ ነው። ለመሆኑ የዘበኛው ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምታገባው?»

«...ያውቁ ነበር?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ጫፍ ላይ ብቻ ስልኬ ሲጮህ እንዴት አላውቅ? እሺ ማለቱን ወድጄው ነው። ሜዳ ላይ ግን የሚደውልልኝ የለም።»

«ሜዳ ላይማ ይከራከራሉ፣ ጋሼ!»

«የምከራከረው ስልኩ ቶሎ እንዳይዘጋብኝ ነዋ» አሉና ዘጉት።

ገዢው ስልኩን ተቀብሎ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ወጣ። ነጥቧ ተንቀሳቀሰች፤ መታጠፊያዋን ዞረች፣ ጫፍ ወጣች። «አሁን ጫፍ ላይ ናቸው!» እያለ ሒሳብ ሹሙ ስልኩን ይዞ ሲሮጥ ምክትሏ ከኮሪደር መለሰችው። ያን ቀን ማንም አልደወለም። ነጥቧ ቁልቁለቱን ተንደርድራ ወርዳ፣ ረጅሙን፣ ቀጥ ያለውን ሜዳ ጀመረች።

ምክትሏ ደወለች። ክቡርነታቸው በጆሮ ማዳመጫቸው ወዲያው አነሱ።

«ምን ሆነ? ማሽን ተቃጠለ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ።»

«ፈቃድ ፈልገሽ ነው?»

«አይ። ምሳ በልተዋል ወይ ልልዎት ነው።»

የጎማው ድምፅ ቀዝቀዝ አለ።

«ምሳ? የምሳ ሰዓት መች ደረሰና!» ብለው ክርክር ጀመሩ።

«ኧረ አልፏል፣ ጋሼ!» አለች ምክትሏ፤ ወንበሯንም ስባ ተደላድላ ተቀመጠች።